ውልን በዌብሳይት ማስፈረም፦ ከጽሑፉ ዝግጅት እስከ ተፈረመው ፒዲኤፍ

በ2017 ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንዲት የፎቶ ቤት ባለቤት ደወለችልኝ። በጥር ወር የምታነሳቸው አሥራ አንድ ሰርጎች ይዛለች። ከአሥራ አንዱ አምስቱ ሙሽሮች ውጭ አገር ናቸው። ውሉን በቴሌግራም ትልክላቸዋለች። እነሱ ያትማሉ፣ ይፈርማሉ፣ ፎቶ አንስተው ይመልሳሉ። አንዷ ሙሽራ የመለሰችው ሁለተኛውን ገጽ ብቻ ነው። አንዱ ሙሽራ ደግሞ የፈረመው ያለፈው ዓመት ዋጋ ያለበት ፋይል ላይ ነው። «እባክህ፣ ዌብሳይቴ ላይ ገብተው የሚፈርሙበት ነገር ሥራልኝ» አለችኝ።

ሠራሁላት። እዚህ የምጽፈው ያንን ሥራ በቅደም ተከተሉ ነው። ምሳሌዬ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ውል ነው። ዲኮር፣ ኬተሪንግ፣ የዕቃ ኪራይ ወይም ሥልጠና የምትሠሩ ከሆነም መንገዱ ያው ነው።

ሥራው ሲጀመር የሁሉም ሰው ሐሳብ የሚሄደው ፊርማ ወደሚሣልባት ሳጥን ነው። እሷ የሥራው ትንሿ ክፍል ናት። ነገ ክርክር ቢነሳ የሚጠየቁት አራት ነገሮች ናቸው። ይህ ሰው የትኛውን ጽሑፍ አንብቦ ነው የፈረመው? የፈረመው እውነት እሱ ነው? መቼ? ከፈረመ በኋላስ ጽሑፉ አልተነካም? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ማዘጋጀት ነው።

መጀመሪያ፦ ውላችሁ በዚህ መንገድ ይሆናል ወይ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 እንደሚለው፣ ሕግ የተለየ አሠራር ካላዘዘ በቀር ውል በማንኛውም መንገድ ሊደረግ ይችላል። የሰርግ ፎቶ ውል ከዚህ ይመደባል። የቤት ሽያጭ ግን አይመደብም። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በሚመለከተው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ ቤት፣ ይዞታ፣ ውክልና፣ በአጭሩ ሰዉ «ውልና ማስረጃ እንሂድ» የሚልበት ጉዳይ ሁሉ ዌብሳይት ላይ አይለቅም። ዋስትናና ኢንሹራንስም የጽሑፍ ግዴታ አለባቸው፤ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ደግሞ ሁለት ምስክር ይፈልጋል።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ማንበብ የማይችሉ ወይም ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች በጣት አሻራ ሲፈርሙ ሕጉ የተለየ ማረጋገጫ ይጠይቃል። የሙሽራዋ አያት ከፋይ ከሆኑና ማንበብ የማይችሉ ከሆነ በልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ጣታቸውን ይዞ ማስፈረም ትክክል አይደለም። ውሉን ማንበብ በሚችል የቤተሰብ አባል ስም አድርጉት።

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አንድ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ እንደማያጣ ደንግጓል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ውል ዕውቅና ይሰጣል። የመጀመሪያው አዋጅ ተራውን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በሰርተፍኬት ከተደገፈው ዲጂታል ፊርማ ይለየዋል። የሰርተፍኬቱ ሥርዓት ቁንጮ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ነው። እኛ እዚህ የምንሠራው ተራውን ዓይነት ነው። ተራው ፊርማ ጉልበቱን የሚያገኘው አብሮት ከሚቀመጠው መዝገብ ነው፤ ለዚህ ነው ከታች ስለ መዝገቡ ብዙ የምጽፈው። ደንበኛችሁ አሜሪካ ከሆነ እዚያም በፈረንጆች ከ2000 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ፊርማን የሚቀበል የፌዴራል ሕግ አለ።

1. የውሉን ጽሑፍ አጽዱ

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ውሉን አትሙትና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ያዙ። ለሁሉም ደንበኛ አንድ የሆነውን በሰማያዊ አስምሩ። ከደንበኛ ደንበኛ የሚለወጠውን፣ ማለትም ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ፓኬጅ፣ ዋጋ፣ በቀይ። ቀዩ የፎርሙ መሙያ ይሆናል። ሰማያዊው ማንም የማይነካው ቋሚ ጽሑፍ ነው።

የፎቶ ቤቷ ውል ላይ ቀይና ሰማያዊ ስናሰምር አንድ ቃል ላይ ቆምን። «ደንበኛው 50 በመቶ ቀብድ ይከፍላል» ይላል። ብዙ ውል ላይ እንዲህ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ቀብድ ግን በሕጋችን የራሱ ትርጉም ያለው ቃል ነው። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል። ቀብድ የተቀበለው ሰው ግን መውጣት ከፈለገ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 40,000 ብር ቀብድ ወስዳችሁ ሥራውን ብትተዉ 80,000 ብር ነው። ባለቤቷ ይህንን ስትሰማ ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። እሷ በልቧ የነበረው «ቅድሚያ ክፍያ» ነው።

ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ግን መርጣችሁ ጻፉ። ቀብድ ካላችሁ ቀብድ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ካላችሁ ደንበኛው ሲሰርዝ ስንቱ እንደሚመለስ፣ እናንተ ስትሰርዙ ምን እንደምትከፍሉ፣ ሰርጉ በሐዘን ምክንያት ወደ ሌላ ቀን ቢዛወር ምን እንደሚሆን በግልጽ አስቀምጡ። የመጨረሻው የሚቀር ነገር አይደለም። ለቅሶ ገብቶ ሰርግ የሚተላለፍበት አገር ነው ያለነው። ጽሑፉን አንድ ጊዜ ጠበቃ ያንብብላችሁ። ከዚያ በኋላ ለዓመት ትጠቀሙበታላችሁ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ግርጌው ላይ «እትም 1» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ብትለውጡ «እትም 2» ይሆናል። እትም 1 አይጠፋም፣ በላዩም አይጻፍበትም። የትኛውን ጽሑፍ ነው የፈረመው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

2. መሣሪያ ምረጡ

ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው እንደ ዶኪዩሳይን ወይም ጆትፎርም ሳይን ያለ ዝግጁ አገልግሎት ነው። ሁሉም ነገር ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ መዝገቡንም ራሱ ይይዝላችኋል። ችግሩ በየወሩ በዶላር መክፈል ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በየወሩ የሚሠራ የውጭ ካርድ መያዝ ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም። ውጭ አገር ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ይህንን ያዙና ደረጃ 1፣ 4 እና 5ን ብቻ አንብቡ።

ሁለተኛው ዎርድፕረስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ላይ የፎርም ፕለጊን፣ ማለትም ፎርም የሚሠራ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ መጫን ነው። ደብሊውፒፎርምስና ግራቪቲ ፎርምስ ሁለቱም የፊርማ ሳጥን አላቸው፤ በሁለቱም የሚከፈልበት ደረጃ ላይ ነው ያለው። ዌብሳይታችሁ ዎርድፕረስ ከሆነ ቀላሉ ይህ ነው። ለፎቶ ቤቷም የመረጥኩት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው እንደ ዶኪዩሲል ያለ ክፍት ሶፍትዌር በራስ ሰርቨር ላይ መጫን ነው። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ አትግቡበት፤ ውሎቻችሁ ያሉበት ሰርቨር ተበላሽቶ የሚያነሳው ሰው ማጣት ከባድ ነው።

3. ቤቱን አዘጋጁ

የዌብሳይቱ አድራሻ በ«https» የማይጀምር ከሆነ አትቀጥሉ። ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል፤ አብዛኛው ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት የኪራይ ቦታ) ውስጥ አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚበራ ነው።

ቀጥሎ ኢሜይል። ዎርድፕረስ እንደተጫነ ኢሜይል የሚልከው በሆስቲንጉ ሰርቨር በኩል ነው፤ እንዲህ የተላከ መልእክት ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ይገባል። የፈረመ ሰው ኮፒው ካልደረሰው ይደነግጣል። የኤስኤምቲፒ (ኢሜይል መላኪያ) ፕለጊን ጫኑና በድርጅታችሁ ኢሜይል በኩል እንዲላክ አድርጉ። ዶሜኑ (የዌብሳይቱ ስም) ላይም መልእክቱ እውነት ከእናንተ መምጣቱን የሚያሳዩትን ኤስፒኤፍ እና ዲኬአይኤም የሚባሉ ሁለት መስመሮች አስገቡ። ሆስቲንግ ሰጪውን በስማቸው ብትጠይቁት ያውቃቸዋል።

የዌብሳይቱን ሰዓትም እዩ። ዎርድፕረስ ውስጥ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉት። መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አቀማመጥ የሚጠቀም መሆኑን ደግሞ አረጋግጡ፤ ካልሆነ አማርኛው ሲቀመጥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

4. ፎርሙን ሥሩ

መጀመሪያ አንድ ውሳኔ አለ። ውሉን ሁሉም ሰው በሚያየው ገጽ ላይ አትክፈቱት። ማንም ገብቶ ጥር 16ን መርጦ ቢፈርም ያ ቀን ተይዞባችሁ ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለት ፎርም ነው የሠራሁት። የመጀመሪያው የጥያቄ ፎርም ነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ ፓኬጅ ብቻ ይቀበላል። ባለቤቷ ቀኑ ክፍት መሆኑን አይታ ዋጋ ትቆርጣለች። ከዚያ ለዚያ ደንበኛ ብቻ የሚሠራ ሊንክ ይላካል። ሊንኩ ሲከፈት ቀኑም ዋጋውም ተሞልቶና ተቆልፎ ይጠብቃል። ደንበኛው ዋጋ መጻፍ አይችልም። ሊንኩ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተፈረመ ይዘጋል።

ስም። የውጭ ፎርሞች «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላሉ። እኛ እንዲህ አንጠራም። «ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» ብላችሁ ሦስት ቦታ ስጡ። ከሥራቸው «መታወቂያዎ ወይም ፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው» ብላችሁ ጻፉ። ውጭ ያለው ደንበኛ ስሙ በላቲን ፊደል ስለሆነ በሁለቱም ፊደል እንዲጽፍ አድርጉ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ አንድ ሰው መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ሰነድ ላይ ግን አንዱ አጻጻፍ ብቻ ይኑር።

ስልክ። በ09 እና በ07 የሚጀምሩትን ሁለቱንም ይቀበል፤ የውጭ አገር ቁጥርንም። ፕለጊኑ የአሜሪካ ቁጥር አቀማመጥ ብቻ እንዲቀበል ሆኖ ከመጣ ቀይሩት።

ቀን። እዚህ ላይ የእኔን ስሕተት ልንገራችሁ። ፎርሙ ላይ «የሰርጉ ቀን» ብዬ የፈረንጅ ካሌንደር ብቻ አስቀመጥኩ። ቨርጂኒያ ያለች አንዲት ሙሽራ «ጥር 16» ማለቷ ነበር፤ ካሌንደሩ ላይ ግን ጃንዋሪ 16 ነካች። ጃንዋሪ 16፣ 2026 ጥር 8 ነው። ስምንት ቀን ልዩነት። ባለቤቷ ወረቀቱን አየችና «ጥር 8 ዓርብ ነው፤ በጾም ቀን ምን ዓይነት ሰርግ ነው?» ብላ ደወለችላት። በዚህ ተረፍን። በማግስቱ ፎርሙን ለወጥኩት። አሁን ደንበኛው ቀን ሲመርጥ ከሥሩ በደማቁ እንዲህ ይወጣል፦ «ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ጃንዋሪ 24፣ 2026»። የሳምንቱ ስም መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ቁጥር ይሳሳታል፤ ሰርጉ ቅዳሜ መሆኑን ግን አይሳሳትም። ሦስቱም ውሉ ላይ ይታተማሉ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «8 ሰዓት» ብሎ መተው አይቻልም። አሜሪካ ያደገ ሙሽራ ጠዋት ይመስለዋል። ምርጫውን በዝርዝር አስቀምጡ፦ «ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በውጭ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት»።

ክፍያ። የመክፈያ መንገዱን ያስመርጥ፤ ቴሌብር፣ ባንክ፣ ከውጭ የሚላክ። ውሉ ላይ «ቀኑ የሚያዘው ፊርማውም ክፍያውም ሲጠናቀቅ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ይኑር። የክፍያውን ማጣቀሻ ቁጥር ደግሞ ክፍያው ሲገባ እናንተ ትሞላላችሁ።

ከዚህ ውጭ አትጠይቁ። የፋይዳ ቁጥር ለሰርግ ፎቶ ምን ያደርግላችኋል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰበሰባችሁት መረጃ ኃላፊነት ነው። የማትፈልጉትን አለመሰብሰብ ከሁሉ ይቀላል።

5. ሙሉ ጽሑፉ ይታይ

«ውሉን ለማንበብ እዚህ ይጫኑ» ብሎ ሊንክ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። አታድርጉት። ሊንኩን አልጫንኩም ያለ ሰው አልተሳሳተም። ሙሉ ውሉ፣ የደንበኛው ስምና ዋጋ በየቦታው ገብቶበት፣ ከፊርማው በላይ እዚያው ገጽ ላይ ይታይ። ፊደሉ ለስልክ የሚበቃ ትልቅ ይሁን። ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከትታችሁ በጣት እየተጎተተ እንዲነበብ አታድርጉ።

ስረዛንና ክፍያን የሚመለከቱትን አንቀጾች ለብቻቸው አውጡና ከእያንዳንዳቸው ሥር ምልክት የሚደረግባት ሳጥን አስቀምጡ። ሳጥኗ ቀድማ ምልክት ተደርጎባት መምጣት የለባትም። መጨረሻ ላይ ከፊርማው በፊት ይህ ይምጣ፦

«ከላይ ያለውን ውል (እትም 4) ሙሉውን አንብቤ ተረድቻለሁ። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የማኖረው ፊርማ ወረቀት ላይ በእጄ እንደማኖረው ፊርማ እንዲቆጠር ተስማምቻለሁ።»

6. የፊርማዋ ሳጥን

ፕለጊኑ ያመጣታል። የእናንተ ሥራ ስልክ ላይ መሞከር ነው። ኮምፒውተር ላይ ቆንጆ የነበረች ሳጥን ስልክ ላይ ሁለት ነገር ታመጣለች። አንደኛ፣ ሰውየው በጣቱ ሲፈርም ገጹ አብሮ ይንሸራተታል፤ ፊርማው የተቆረጠ መስመር ይሆናል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ፈርሞ ገጹን ትንሽ ወደ ላይ ሲገፋው የብራውዘሩ አድራሻ መስመር ይደበቃል፤ ገጹ መጠኑ የተለወጠ ይመስለዋል፤ ሳጥኗም ራሷን ታጠፋለች። ስልኩን ወደ ጎን ሲያዞሩትም ያው ነው። ሰውየው ፊርማው መጥፋቱን ሳያይ «ላክ» ይላል።

የመጀመሪያውን የሚፈታው ሳጥኗ ላይ ገጹ በጣት እንዳይጎተት ማድረግ ነው፤ ዌብሳይት የሚሠራ ሰው በአንድ መስመር ያስተካክለዋል። ለሁለተኛው፣ ሳጥኗ መጠን ስትቀይር ፊርማው ተቀምጦ ተመልሶ እንዲሣል ማድረግ ነው። ይህ ካልተቻለ ሳጥኗን የመጨረሻዋ ነገር አድርጓት፤ ከሥሯ «ላክ» የሚለው ብቻ ይኑር። ባዶ ፊርማ ፎርሙ ፈጽሞ አይቀበል። «አጥፍቼ ልድገም» የሚል አዝራርም አትርሱ።

በጣት መፈረም ለሚቸገሩ ሰዎች ሙሉ ስም በመጻፍ መፈረም እንዲቻል አድርጉ። በኮምፒውተር መዳፊት የተፈረመ ፊርማ የማንም ፊርማ አይመስልም። መልኩ አያሳስባችሁ።

7. እሱ ነው ወይ?

ሊንኩ ኢሜይል ላይ መላኩ ራሱ አንድ ማረጋገጫ ነው። ግን ኢሜይሉን የሙሽራዋ እህት ትከፍተው ይሆናል። ስለዚህ ፊርማው ከመከፈቱ በፊት ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ላኩ። አገር ውስጥ ላለ ሰው በኤስኤምኤስ፣ ውጭ ላለ በኢሜይል። የኤስኤምኤስ አገልግሎት ከሌላችሁ ለሁሉም በኢሜይል ላኩና ከፊርማው በኋላ ስልክ ደውሉ። ሦስት ደቂቃ ነው፦ «ውሉ ደርሶናል፣ ቅዳሜ ጥር 16 ነው አይደል?» የተደወለበትን ሰዓትና የደዋዩን ስም መዝግቡ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የፎቶ ቤቷን ሰርግ ያዳናት ግን ስልኩ ነው።

ምስክር የሚፈልግ ቤተሰብ ይገጥማችኋል። ለዚህ ዓይነት ውል ግዴታ ባይሆንም ሰዎች ሲረጋጉበት አይቻለሁ። ለምስክሩ የራሱ ሊንክ በራሱ ኢሜይል ይላክ። በደንበኛው ስልክ ተቀባብለው እንዳይፈርሙ።

8. ፒዲኤፉ

ፎርሙ እንደተላከ ፒዲኤፍ ይወለዳል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ የነበረው ውል ፒዲኤፍ ሲሆን በባዶ አራት ማዕዘኖች ተሞልቶ ይመጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፒዲኤፉን የሚሠራው ሶፍትዌር የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት አልተሰጠውም። ስልካችሁ የራሱ ፎንት ስላለው ነው ስክሪኑ ላይ የታየው።

ፒዲኤፍ ሠሪያችሁ ኤምፒዲኤፍ ከሆነ አቢሲኒካ ፎንት አብሮት ይመጣል፤ መምረጥ ብቻ ነው። ዶምፒዲኤፍ ከሆነ ፎንቱን እናንተ ትጭኑለታላችሁ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይወርዳል፤ ለንባብም ቆንጆ ነው። ከዚያ ፈተናውን በእነዚህ አድርጉ፦ «ኳ»፣ «ሏ»፣ «ቿ»፣ «፤»፣ «፦»፣ «፡»። አንዱ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ፎንቱ አልሠራም ማለት ነው። ዋጋው ላይ ያለው ነጠላ ሰረዝ በቦታው መሆኑንም እዩ፤ 80,000 እና 8,000 አንድ አይደሉም።

9. የፊርማው መዝገብ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ከውሉ በስተመጨረሻ አንድ ገጽ ጨምሩ። የፎቶ ቤቷ ይህን ይመስላል፦

የውል ቁጥር፦ 2018-014፣ እትም 4
ሊንኩ የተላከበት፦ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10፡05
ገጹ የተከፈተበት፦ ከምሽቱ 3፡12
ኮዱ በኢሜይል የተረጋገጠበት፦ ከምሽቱ 3፡21
የተፈረመበት፦ ከምሽቱ 3፡40፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት 18፡40፣ ሴፕቴምበር 13፣ 2025
የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩ ቁጥር)፣ የስልኩና የብራውዘሩ ዓይነት

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ የግድ ነው። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ይቀድማል። 18፡40 የሚለውን ብቻ ያየ ሰው ከምሽቱ 3፡40 መሆኑን ለማወቅ ጣቱን ይቆጥራል፤ ቨርጂኒያ ያለችው ሙሽራ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው የፈረመችው። ሰርቨሩ ራሱ የሚመዘግበውን ሰዓት ተጠቀሙ፤ ደንበኛው ስልክ ላይ ያለው ሰዓት የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ነገር የፋይሉ አሻራ ነው። ሻ-256 የሚባል ስሌት ማንኛውንም ፋይል ወስዶ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አንድ መስመር ያወጣል። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሌላ ይሆናል። ከፈረመ በኋላ ጽሑፉ አልተነካም ወይ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። አሻራውን እዚያው ፒዲኤፍ ውስጥ ግን መጻፍ አይቻልም፤ ስትጽፉት ፋይሉ ስለሚለወጥ አሻራውም ይለወጣል። ስለዚህ ለደንበኛው በሚሄደው ኢሜይል ጽሑፍ ውስጥ ይግባ፤ እናንተም ጋ በመዝገብ ይያዝ። ሁለታችሁም ያው መስመር አላችሁ ማለት ነው። ፕለጊኑ ይህንን ካላደረገ ለባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

10. የእናንተ ፊርማ፣ ኮፒና ማስቀመጫ

ደንበኛው ብቻ የፈረመበት ውል ግማሽ ነው። እናንተም ፈርሙ፤ አሻራው የሚወሰደው ከሁለቱ ፊርማ በኋላ ነው። ኮፒው ለሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ይሂድ። ቴሌግራም ላይም ላኩለት፤ ሰው ኢሜይሉን ይረሳል።

አሁን አንድ አደገኛ ነገር። ብዙ ፕለጊኖች የተፈረመውን ፒዲኤፍ የሚያስቀምጡት ዎርድፕረስ ፎቶ በሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ ነው። ያ ፎልደር ክፍት ነው። የፋይሉን አድራሻ ያወቀ ሁሉ ያለ ፓስወርድ ይከፍተዋል፤ የፋይሎቹ ስም ተከታታይ ቁጥር ከሆነ መገመትም አይከብድም። የሰው ስም፣ ስልክ፣ ፊርማና የሰርጉ ቦታ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ፕለጊኑ ውስጥ ፋይሎቹን የሚቆልፍ ምርጫ ፈልጉ። ከሌለው ፋይሉ ተልኮ ሲያልቅ ከዌብሳይቱ እንዲጠፋና ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ አድርጉ። ከዚያ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ፣ በሌላ ሰው ስልክ፣ የአንዱን ውል ሊንክ ክፈቱት። ከተከፈተ ሥራው አላለቀም።

ባክአፕ በሁለት ቦታ ያዙ፤ አንዱ ከሆስቲንጉ ውጭ ይሁን። ሆስቲንግ መክፈል ተረስቶ ዌብሳይት የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

11. ከመልቀቃችሁ በፊት

ሦስት ሰው ፈልጉ። አንዱ ስልኩ ርካሽ አንድሮይድ የሆነ፣ በሞባይል ዳታ የሚገባ። አንዱ ውጭ አገር ያለ ዘመድ፣ አይፎን ያለው። አንዷ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነች፣ ፎርም መሙላት የማትወድ። ለሦስቱም ሊንኩን ላኩ፤ ምንም አታስረዷቸው። የት እንደቆሙ ጠይቁ። እኔ ስሞክር ሦስተኛዋ እናቴ ነበረች። እስከ ፊርማው ደረሰችና «ላክ» የሚለውን አልነካም አለች። ለምን ስላት «ከላክሁ በኋላ ምን እንደሚሆን አልነገረኝም» አለችኝ። አዝራሩን ለወጥነው። አሁን «ፈርሜ ጨርሻለሁ፤ ኮፒው ይላክልኝ» ይላል።

መጨረሻ ላይ ራሳችሁ በውሸት ስም አንድ ውል ፈርሙ፣ ፒዲኤፉን አውርዱ፣ አሻራውን አውጡ፣ ኢሜይሉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። 64ቱም ከገጠሙ የመጀመሪያውን ሊንክ ለእውነተኛ ደንበኛ ላኩ።